ዘንባባን በግቢያችን ብናበቅልስ?

ለሆሳዕና ግንባራችን ላይ የምናስረው ዘንባባ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። የሚመጣው ከወንዝ ዳር ነው፤ ያውም በብዛት የሚፈለገው ገና ያልተዘረጋው የመሐሉ ለጋ ቅጠል ነው። አንድ የዘንባባ ግንድ ያለው የማደጊያ ጫፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሱ ከተቆረጠ ያ ግንድ አለቀለት ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ከዘሩ አናበቅለውም? «ግማሹ ወንድ ይሆንና ልፋት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ይሄ ለቴምር እውነት ነው። ቴምር ከዘር የተከለ ሰው ጾታውን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ሲያብብ ነው፤ ሴት ብትሆንም ፍሬዋ እንደ እናቷ ላይሆን ይችላል። ገበሬው ከእናቲቱ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። ቅጠል ለሚፈልግ ግን ወንዱም ሴቷም ያው ናቸው!

ሥራው ከባድ አይደለም። የፍሬውን ሥጋ ማጠብ፣ ዘሩን ሁለት ቀን ያህል መዘፍዘፍ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ባለ ጠለቅ ያለ ዕቃ ውስጥ መዝራት። ጠለቅ ያለ ያልኩት ቡቃያው መጀመሪያ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ላይ ላዩን ምንም ሳይታይ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ አፈሩን የሚጭረው እዚህ ላይ ነው (እባካችሁ አትጫሩት)።

ቅጠሉ ለመቆረጥ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ እኛ ተመርቀን ከሄድን በኋላ ማለት ነው። ቢሆንም የዲፓርትመንታችን ችግኝ ጣቢያ ከግራቪሊያው መሐል አንድ መደብ ዘንድሮ ለዘንባባ ቢለቅ ምን ይጎዳል?