ስለ አንገት ዕጢና ስለ ገበታችን ጨው

በአገራችን በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል። ይህን ምሳሌ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ምሳሌው ግን የመከራን መደራረብ ብቻ አይነግረንም፤ እንቅርት በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ዘንድ ምን ያህል የተለመደ ነገር እንደ ነበረም ይመሰክራል። ሕዝብ ሁሉ ያላየው ነገር ምሳሌ ሊሆን አይችልምና። የተለመደ ነገር ደግሞ አያስደነግጥም፤ ያላስደነገጠ በሽታም ወደ ሐኪም አያስኬድም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ለክቡራን መምህራንና ለከተማችን አንባቢዎች ለማስረዳት የምንፈልገው፥ የዚህ የተለመደ ነገር ጉዳት በአንገት ብቻ የማይቀር፥ እስከ አእምሮ የሚደርስ መሆኑን፤ መከላከያውም በየማጀታችን በጨው ዕቃ ውስጥ ሊገኝ የሚችል መሆኑን ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ተማሪዎችን ለመመርመር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። ከአንድ ክፍል በስተኋላ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ተንበርክካ አገኘናት። ምክንያቱን ብንጠይቅ፥ «ሰነፍ ናት፤ ስትጠራ ቶሎ አትመልስም፤ ትምህርት ሲሰጥም ታንቀላፋለች» ተባልን። ልጅቷን አስነሥተን አንገቷን ቀና እንድታደርግ ብንጠይቃት፥ ከጕሮሮዋ ሥር እብጠት በግልጥ ይታይ ነበር። ቆዳዋ ደረቅ፥ እጇም ቀዝቃዛ ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች በሙቀት ሲጨነቁ እርስዋ ነጠላዋን ተከናንባ ነበር። ወደ ሐኪም ቤት ተልካ ደሟ ሲመረመር፥ የአንገቷ ዕጢ ሥራውን ያጓደለ መሆኑ ታወቀ። በመምህሩ ላይ ልንፈርድ አልወደድንም፤ እርሱም እርስዋን ለማስተማር በብርቱ ደክሟል። ነገር ግን የልጅቷ ጥፋት ያልሆነውን ነገር እንደ ጥፋት ቈጥሮ ቀጥቷታል። ይህን የመሰለ ቅጣት እንዳይደገም ስንል ብዕራችንን አነሣን።

በመጀመሪያ ዕጢ ምን እንደ ሆነ እንግለጥ። በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕጢዎች አሉ። አንደኞቹ የሚያመነጩትን ፈሳሽ በቧንቧ አማካይነት ወደ ተወሰነ ስፍራ ያፈሳሉ፤ ላብን፥ ምራቅንና እንባን የሚያመነጩት እንዲህ ያሉት ናቸው። ሁለተኞቹ ግን ቧንቧ የላቸውም፤ የሠሩትን በቀጥታ ለደም ያስረክባሉ፤ ደምም ተሸክሞ በመላው ሰውነት ያዳርሰዋል። ይህ በደም የሚላክ መልእክተኛ ሆርሞን ይባላል። ስሙን እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1905 ያስተዋወቀው ኧርነስት ስታርሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው፤ ቃሉም «አነሣሣለሁ» የሚል ትርጕም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ስታርሊንግና ባልደረባው ዊልያም ቤይሊስ በ1902፥ ከአንጀት የሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር በደም ተጕዞ ቆሽትን ለሥራ እንደሚያነሣሣ በምርመራ አረጋግጠው ነበር።

የእነዚህ መልእክተኞች ሥራ ብዙ ነው። ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያስተካክላል። ከኵላሊቶች በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣው አድሬናሊን ሰው በደነገጠ ጊዜ የልብን ምት አፍጥኖ ለመሸሽ ወይም ለመከላከል ያዘጋጃል። ከአንጎል ሥር የምትገኘው፥ መጠኗ የአተር ፍሬ የምታህለው ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ ደግሞ ከበላይዋ ካለው የአንጎል ክፍል ትእዛዝ እየተቀበለች ብዙዎቹን ሌሎች ዕጢዎች ታዝዛለች። ሰው በትልቅነቱ ይመካል፤ ቁመቱ፥ ሙቀቱና ጠባዩ ግን በእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ይመራል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። በአንገት ፊት ከማንቍርት ዝቅ ብሎ፥ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ አለ፤ ታይሮይድ ይባላል። በጤነኛ ጐልማሳ ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው። ከእርሱ የሚወጡት ሆርሞኖች ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ወደ ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናሉ፤ የልብን ምት ያስተካክላሉ፤ የልጅን አጥንት ያሳድጋሉ፤ ከሁሉም በላይ የአንጎልን ዕድገት ይመራሉ። ከእነዚህ ዋነኛው ታይሮክሲን ይባላል፤ ያለ አዮዲንም ሊሠራ አይችልም። ለአንድ ጐልማሳ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም፥ ለነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 70 ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ነገር ግን ሰውነት ለብዙ ዓመት የሚበቃ አዮዲን ሊያከማች ስለማይችል፥ ያቺው ጥቂት ነገር ዘወትር መገኘት ይኖርባታል።

አዮዲን ሲጐድል ምን ይሆናል? አንድ ሸማኔ አስቡ። ደንበኛው ብዙ ጋቢ ያዝዘዋል፤ ሸማኔው ግን ፈትል የለውም። ደንበኛው ጋቢው ባለመድረሱ ደጋግሞ ይልክበታል፤ ሸማኔውም ትእዛዙን የሚያደርስ መስሎት ቤቱን ያሰፋል፤ ሠራተኛም ይጨምራል፤ ፈትል ከሌለ ግን የሰፋው ቤት ምን ይጠቅመዋል? ፒቱታሪ በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ማነሱን ባወቀች ጊዜ፥ ታይሮይድን «ሥራ፥ ጨምር» የሚል ሆርሞን ትልክበታለች። እርሱም ለመታዘዝ ሲል ያድጋል፤ ይወፍራል፤ እንቅርት የምንለውም ይኸው ነው። ስለዚህ እንቅርት እርግማን አይደለም፤ የዘር ነውርም አይደለም፤ ፈትል ያጣ ታማኝ ሠራተኛ የሚያሰማው አቤቱታ ነው።

ትልቁ ጉዳት ግን ዓይን በማያይበት ስፍራ ይደርሳል። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ታይሮይድ ሥራ ስላልጀመረ፥ አንጎሉ የሚያድገው ከእናቱ በሚያገኘው ሆርሞን ነው። እናቲቱ አዮዲን በብርቱ ካጣች ልጁ ሞቶ ሊወለድ፥ ወይም ደንቆሮ፥ ድዳና አእምሮው የተጐዳ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ ይህን ጉዳት ከተወለደ በኋላ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ጕድለቱ መካከለኛ በሆነበት ስፍራ ደግሞ ልጁ ጤነኛ ይመስላል፤ ይሄዳል፥ ይጫወታል፤ ነገር ግን ሊደርስበት ከሚችለው የማስተዋል ደረጃ ዝቅ ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለው ልጅ በሐኪም መዝገብ አይገኝም፤ የሚገኘው በመምህሩ የውጤት መዝገብ መጨረሻ ላይ ነው። ለመምህራን በተለይ የምንጽፈውም ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው በግምት አይደለም። በ1883 ቴዎዶር ኮኸር የተባለው የስዊስ ቀዶ ሐኪም፥ እንቅርታቸውን ለማዳን ሲል ዕጢውን በሙሉ ያወጣላቸው በሽተኞች ኋላ ሰውነታቸው እያበጠ፥ አእምሯቸው እየዘገየ መሄዱን ገለጠ፤ ከዚህም የዕጢው ጥቅም ታወቀ። በ1917 ደግሞ በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ክፍለ አገር፥ በአክረን ከተማ፥ ዴቪድ ማሪንና ባልደረባው ኪምባል ለሴት ተማሪዎች በየጊዜው ጥቂት አዮዲን መስጠት ጀመሩ። አዮዲን ከወሰዱት 2,190 ልጃገረዶች ዕጢያቸው ያደገው 5 ብቻ ሲሆኑ፥ ካልወሰዱት 2,305 ውስጥ የ495ቱ አድጎ ተገኘ። ከዚያም በ1922 በስዊስ፥ በ1924 በአሜሪካ በሚሺገን ክፍለ አገር አዮዲን የተጨመረበት ጨው ለገበያ ወጣ። እኛ በውጭ አገር ስንማር፥ በአልፕስ ተራሮች ይኖሩ የነበሩትን ባለ እንቅርት ሰዎች ሥዕል መምህሮቻችን ያሳዩን ነበር። ዛሬ በዚያ አገር እንዲህ ያለውን ትልቅ እንቅርት ማየት ብርቅ ሆኗል። ተራሮቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ጨው ነው።

በደጋው አገራችን ዝናምና ጐርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ጠርጐ ስለ ወሰደው፥ በዚያ አፈር የሚበቅለው እህልና የሚሰማራው ከብት ብዙ አዮዲን የለውም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑት ልጆች ከ100ው 40 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ቀድሞ ከኤርትራ ጠረፍ አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ የነበረው ጨው በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ስለ ተቋረጠ፥ ገበያው ወደ አፋር፥ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ዞሮ ነበርና፥ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ቤተ ሰብ የሚበላው ጨው አዮዲን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ወሰነ። በ2011 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ሲሆን፥ በ2016 ግን በ89ኙ ተገኝቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም በጨው ውስጥ አዮዲን መኖርና በበቂ መጠን መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በገበያ አፉን ከፍቶ በፀሐይና በእርጥበት የሚሰነብት ጆንያ አዮዲኑን ያባክናል።

በዚህ ነገር እኛም ራሳችንን ነጻ አናደርግም። አንድ ቀን በገበያ ለተሰበሰቡ ሰዎች ስለ አዮዲን ብዙ የውጭ ቃል እየጠቀስን ተናግረን ስንጨርስ፥ ጨው የሚቸረችሩ አንዲት አሮጊት፥ «ልጄ፥ ያልኸው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ነጭ ናቸው፥ ሁለቱም ይጣፍጣሉ፤ በምን ልለያቸው?» ብለው ጠየቁን። ከንግግራችን ሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነበር፤ እኛም አስቀድመን ልንመልሰው የሚገባንን ነገር ረስተን ስለ ነበር አፈርን። መልሱ ይህ ነው፤ በዓይንም በምላስም አይለዩም። የሚለዩት በታሸገ ከረጢት ላይ በተጻፈው ምልክትና በምርመራ ብቻ ነው። የጤና ባለ ሙያዎች የሚጠቀሙበት የመመርመሪያ ጠብታ አዮዲን ባለበት ጨው ላይ ሲንጠባጠብ ጨው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። መምህራን ይህን ምርመራ በክፍል ቢያሳዩ፥ ተማሪዎችም ከየቤታቸው አንዳንድ ቍንጥር ጨው ቢያመጡ፥ ከብዙ ስብከት የበለጠ ትምህርት ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች፥ «አባቶቻችን አሞሌ እየላሱ ኖረው የለምን?» ይሉናል። ኖረዋል፤ ነገር ግን ከነእንቅርታቸው ነው፤ በመጀመሪያ የጠቀስነው ምሳሌ ምስክር ነው። ጨው ከባሕር ወይም ከሐይቅ መገኘቱ ብቻ በቂ አዮዲን አያስገኝለትም። ሌሎች ደግሞ «ይህ የመንግሥትና የነጋዴ ጉዳይ ነው» ይላሉ። መንግሥት ደንብ ያወጣል፤ ነጋዴም ገዢ የሚጠይቀውን ያመጣል፤ ገዢው ካልጠየቀ ግን ደንቡ በወረቀት ላይ ይቀራል። ማንበብ የሚችል ሰው በከረጢት ላይ ያለውን ጽሕፈት ሳያነብ ጨው ቢገዛ፥ ማንበቡ ለቤተ ሰቡ ምን ጠቀመ?

ስለዚህ አሳባችን እንደሚከተለው ነው። መምህር ሆይ፥ ልጅ ቢዘገይ ከመቅጣትህ በፊት አንገቱን ተመልከት። እብጠቱ ውሃ ሲውጥ ከፍ ዝቅ የሚል ቢሆን፥ የዕጢው አንዱ ጐንም ከልጁ ከራሱ አውራ ጣት የመጨረሻ አንጓ ቢበልጥ እንቅርት ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ላከው። እንቅርት ባይታይበትም ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምር፤ ቁርስ መብላቱንም ጠይቅ፤ የመዘግየት ምክንያቱ ብዙ ነውና። የቤት እመቤት ሆይ፥ ጨውን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፥ ከምድጃ እንፋሎትና ከፀሐይ አርቀሽ አኑሪ፤ አትጠቢው፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሪው። አዮዲን አገኛለሁ ብሎ ጨው ማብዛት ግን አይገባም፤ ለጐልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃዋል። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን መጠጣት አደገኛ ነው። እንቅርትን በጋለ ብረት መተኰስና መብጣትም ቁስልና መመረዝ ያመጣል እንጂ ዕጢውን አይመግበውም። የቆየና የጠጠረ እንቅርት በጨው ብቻ አይጠፋም፤ አንዳንዱም ከአዮዲን ማነስ የመጣ አይደለምና ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ያቺ ልጅ ዛሬ መድኃኒቷን እየወሰደች ትማራለች። ያለፉት ዓመታት ምን ያህል እንደ ጐዷት ወደ ፊት ይታያል፤ አሁን ግን ከክፍሉ በስተኋላ አትንበረከክም። ከእርስዋ በኋላ የሚወለዱት ልጆች ግን መድኃኒት ሳያስፈልጋቸው ሊያድጉ ይችላሉ፤ ይህም በእያንዳንዳችን ማጀት የሚወሰን ነው። የአገራችን ሰው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላል። ዛሬ ግን ለጨው መጣፈጥ ብቻ አይበቃውም፤ ገዝተን ወደ ቤታችን ከማስገባታችን በፊት አዮዲን ያለው መሆኑን እንጠይቅ።