መልሱ «ሲ» ነው፤ ለምን?

በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ከሚቸበቸቡት አጋዥ መጻሕፍት አንዱን እስቲ ገለጥ አድርጉ። ጥያቄው አለ፤ ፎርሙላው አለ፤ ቁጥሩ ይተካና «መልሱ ሲ ነው» ይላል። ለምን «ሲ» እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ ይህን ማስተማር አልለውም፤ ሽምደዳን በችርቻሮ መሸጥ ነው።

ፎርሙላ ይቅር አላልኩም። ከየት እንደመጣ ይነገር ነው የምለው። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 10 ኤክስ፣ 39 ይሆናል እንበል። ተማሪው ወዲያው ያን ረጅም ፎርሙላ ማነብነብ ይጀምራል። በመጽሐፉ ርዕስ «አልጀብራ» የሚለውን ስም ያወረሰን አል-ኽዋሪዝሚ ግን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ባግዳድ ላይ፣ ይህንኑ ጥያቄ በሥዕል አስረድቶታል። ጎኑ ኤክስ የሆነ ካሬ ሣለ። 10 ኤክስን ለሁለት ከፍሎ ስፋታቸው 5፣ 5 የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች በሁለት ጎኖቹ አስጠጋ። ጥጉ ላይ 5 በ5 የሆነ ክፍት ቦታ ቀረ፤ በ25 ሞላው። 39 እና 25፣ 64፤ የትልቁ ካሬ ጎን 8። ከ8 ላይ 5 ሲነሳ ኤክስ 3 ነው። ሌላውን መልስ፣ ማይነስ 13ን፣ አልቆጠረውም፤ የካሬ ጎን ከዜሮ በታች አይወርድምና።

ካልኩለሱም ከዚሁ ሥዕል አይርቅም። የኤክስ ስኩዌር ዴሪቬቲቭ 2 ኤክስ ነው ተብሎ ይሸመደዳል። ለመሆኑ 2ቷ ከየት መጣች? የካሬውን ጎን በጥቂቱ ብታሳድጉት ርዝመታቸው ኤክስ የሆነ ሁለት ቀጫጭን ጥብጣቦች ይጨመራሉ። ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ ካሬ ደግሞ ጭማሪው እያነሰ በሄደ ቁጥር ከቁም ነገር የማትገባ ትሆናለች። ሁለት ጥብጣብ፣ ሁለት ኤክስ። አለቀ!

«ጊዜ የለም፤ ፈተናው ምርጫ ነው» የሚሉኝ አሉ። ሽምደዳው ፈተና የሚያሻግር ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ጥፋቱ ሁሉ የአጋዥ መጻሕፍት ነው አልልም፤ አቋራጩ ግን አላዳነም።

ደግሞስ ዛሬ ስልክ የጥያቄውን ፎቶ አይቶ በቅጽበት ይፈታዋል። መልስ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ከስልኩ በምን ይሻላል? እናም መምህራን፣ ወላጆች፣ የአጋዥ መጽሐፍ አዘጋጆች፤ ልጁ «ሲ ነው» ሲላችሁ አታጨብጭቡ። እርሳስና ወረቀት አቀብላችሁ «እስቲ ሥለህ አሳየኝ» በሉት።