ዜማውን ቀድተናል፤ ባለዜማውን እንጠይቅ

ይህ ጥሪ ለወጣቶች፣ ለመምህራን፣ ለሬዲዮ ጋዜጠኞች፣ ለሙዚቃ ሰዎችና ከአገር ርቃችሁ ለምትኖሩ ወገኖች ሁሉ ነው። በምትኖሩበት ቀበሌ ወይም ዘመዶቻችሁ ባሉበት መንደር ማሲንቆ የሚመታ፣ በገና የሚደረድር፣ ዋሽንት የሚነፋ፣ መንዙማ የሚያዜም፣ ሙሾ የምታወጣ፣ ለሰርግ የምትዘፍን ሰው አለ። ሂዱና ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ሳትቆርጡ ቅዱ። ዘንድሮ ይሁን።

ዘፈኑንማ ቀድተናል። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልካችን እያዞርን ስንሰማው ኖረናል። ያልቀዳነው የባለሙያውን ጨዋታ ነው። ዜማውን ከማን ተማረው? ማሲንቆውን ማን ሠራለት? አባቱ አውታሩን ሲቃኝለት ምን ይለው ነበር? ሰርግ ላይ የቱ ዘፈን ይቀድማል? ለቅሶ ላይ የቱ አይነሳም? ይህ እውቀት ሸክላ ላይ የለም። ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

ጠይቆ መስማት ምን እንደሚያተርፍ ከበገናው ሊቅ ከዓለሙ አጋ እንይ። በልጅነታቸው እንጦጦ ላይ ሲያድጉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና መምህር በዚያው አካባቢ ይኖሩ ነበር፤ ከእሳቸው ሥር ሆነው ተማሩ። በኋላ ራሳቸው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ድምፃቸውም ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 11ኛ ቅጽ ሆኖ ዓለምን ዞረ። የአለቃ ተሰማን ስም ዛሬ የምናነሳው ተማሪያቸው ተጠይቀው ስለተናገሩ ነው። በመንዝ፣ በጎጃም፣ በላስታ፣ በትግራይ እንደ አለቃ ተሰማ ያሉ ስንት መምህራን አልፈዋል? ተማሪዎቻቸውን ማንም ስላልጠየቀ ስማቸው የለንም። ከተማሪዎቹ ጥቂቱ ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የምንቸኩለውም ለዚህ ነው።

የአዝማሪው ነገር ከዚህም ይከብዳል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር ለይቶ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው መካከል ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ይገኙበታል። መትረየስና አውሮፕላን የያዘ ጦር ባለማሲንቆን የፈራው፣ የአዝማሪ ቃል በአንድ ሌሊት ከገበያ ወደ ገበያ ስለሚሄድ ነው። ያን ሁሉ ዋጋ ለከፈለ ሙያ እኛ ምን መለስንለት? «አዝማሪ» የሚለውን ስም ስድብ አደረግነው። ልጁን ትምህርት ቤት ሳቅንበት፣ ሴት ልጁን ለትዳር ተጠየፍናት። ብዙ አዝማሪ የአባቱን ሙያ ደብቆ የኖረው እኛን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ስትሄዱ እንግዳ ተቀባይነት ብቻ አትጠብቁ። ዝምታም፣ ጥርጣሬም ሊገጥማችሁ ይችላል። ታገሡ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ተመለሱ።

እስካሁን ብዙውን የጠየቁልን ባዕዳን ናቸው፤ ይህን የምለው በምስጋና ነው። ከለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም የመጣችው ጂን ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በየክፍለ አገሩ እየዞረች ቀድታለች። ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴ ጎንደር ላይ ከአዝማሪዎችና በየደጁ ከሚያዜሙት ላሊበላዎች ጋር እየዋለ ዘጋቢ ፊልሞች ሠርቷል። የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ኬይ ካውፍማን ሸለሜይ አሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ጋር ለዓመታት ተወያይተው እ.ኤ.አ. በ2022 ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከራሳችንም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ የተመሠረተውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ለረጅም ዘመን የመሩት ተስፋዬ ለማም ነበሩ፤ ከየአካባቢው የመጡ ባለሙያዎችን አንድ መድረክ ላይ ያስቀመጡ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2013 ዋሽንግተን ላይ አረፉ። እነዚህ ሰዎች በጥቂት እጅ ብዙ ሠሩ። የአንድን አገር ሙዚቃ ግን ጥቂት ሰው ጠይቆ አይጨርሰውም። የመንደሩን ቋንቋ፣ የቤተሰቡን ነገር፣ የዘፈኑን ሰምና ወርቅ የሚያውቀው የዚያው አካባቢ ልጅ ነው።

የአካባቢ ነገር ከተነሳ ትንሽ ልቆይበት። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በፒያኖ የሚጫወታቸው ወጣት ግን በዚያው ወሎ ያሉ አዛውንት በማሲንቆና በዋሽንት እንዴት እንደሚይዟቸው ምን ያህል ሰምቷል? ወደ ደቡብ ስንወርድ የደራሼ ፊላ አለ። እያንዳንዱ ነፊ ከዜማው የራሱን ድርሻ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚገኘው ብዙዎቹ ተቀባብለው ሲነፉ ነው። በቤኒሻንጉል የበርታ ሕዝብ ከቅል በሚሠራው ዋዛ የሚጫወተውም በዚሁ መንገድ ነው። በእንዲህ ያለ ሙዚቃ አንድ ሽማግሌ ሲጎድል ከዜማው ውስጥ አንድ ድምፅ ይጎድላል፤ በእሱ ቦታ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ተተኪ ከሌለ ሙዚቃው ቀዳዳ ይዞ ይቀራል። ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ ተቀባብለው ሲዘፍኑ ማን ይጀምራል? ማን ይቀበላል? ማንስ ከላይ ይወጣል? ይህን በራሳቸው ቋንቋ ጠይቆ በዚያው ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ያስፈልጋል። በአማርኛ ተጠይቆ በአስተርጓሚ የሚመለስ መልስ ግማሹን መንገድ ላይ ይጥላል።

የባህል ሳምንትና ፌስቲቫል በቂ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በቂ ነው አልልም። መድረክ ላይ ባለሙያው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ጥቂት ደቂቃ ይጫወታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይወርዳል። ስሙ እንኳን አይጠራም፤ የክልሉ ወይም የዞኑ ስም ነው የሚጠራው። አዘጋጆች ሆይ፣ ከመድረኩ ጀርባ ወንበር አስቀምጡ፣ ማይክራፎን አስቀምጡ፣ የሚጠይቅ ሰው መድቡ። አንድ ሙሉ ቀን ለጨዋታ ስጡ።

አሁን ወደ ሥራው። ባለሙያውን ያለ መሣሪያው አታነጋግሩት። ማሲንቆው ጭኑ ላይ ሲሆን እጁ ያስታውሳል፤ አፉ የረሳውን ደጋኑ ያወጣዋል። የፈረስ ጭራው ከየት እንደሚመጣ፣ ዕጣኑን እንዴት እንደሚቀባው፣ ቆዳው የምን እንስሳ እንደሆነ ይንገራችሁ። የበገና አባት ካገኛችሁ አሥሩ አውታር ከበግ አንጀት እንዴት እንደሚፈተልና እያንዳንዱ አውታር ምን ትርጉም እንደሚሰጠው ጠይቁ። «ለወጣቱ ምን ይመክራሉ?» ከሚለው ጥያቄ ራቁ፤ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። «የመጀመሪያውን ሽልማት የት አገኙ?» በሉ። «ተቀበል ብሎ ግጥም ከሰጠዎት ሰው ሁሉ የማይረሱት ማን ነው?» በሉ። «ድሮ ይዘፈን የነበረ፣ አሁን የማይዘፈን የቱ ነው? ለምን ቀረ?» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ስትሉ ነው ዋናው የሚመጣው።

ሴቶቹን አትለፉ። አልቃሿን፣ የሰርግ ዘፋኟን፣ የእሹሩሩ ግጥም የምታውቀውን አያት ጠይቁ። የክራሯ ንግሥት አስናቀች ወርቁ ክራር ይዛ መድረክ ስትወጣ ስድቡም ሐሜቱም አልቀረላትም ነበር። ሕይወቷን ራሔል ሳሙኤል በፊልም አንስታ በ2013 እ.ኤ.አ. አሳየችን፤ አስናቀች ግን ፊልሙ ሳይታይ በ2011 እ.ኤ.አ. አርፋ ነበር። እንዲህ ለጥቂት የደረሰ ሥራ ነው። በየገጠሩ ያሉት አስናቀቾች እንዲህ የደረሰላቸው የለም።

የላሊበላዎችን ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ያዙ። ገና ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው የሚያዜሙ፣ ምጽዋት ተቀብለው መርቀው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸውን መሸፈን የሚሹ አሉ። ምስል ካልፈቀዱ ድምፅ ብቻ ቅዱ፤ ድምፅም ካልፈቀዱ ሰምታችሁ ጻፉ። አዝማሪዎችም እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የሙያ ቋንቋ አላቸው። ሊነግሯችሁ ካልወደዱ አትጫኗቸው። ለራሳቸው ያስቀሩት ነገር መብታቸው ነው።

በነፃ አትጠይቁ። ባለሙያው የሚውልበትን ቀን ለእናንተ ሲሰጥ የሰርጉን፣ የድግሱን፣ የእርሻውን ቀን ነው የሰጠው። ሰላም በታጣበት አካባቢ ሰርግና ድግስ ቀርቶበት ባዶ እጁን የተቀመጠም አለ። አቅማችሁ የፈቀደውን ክፈሉ፤ ተማሪ ከሆናችሁ ተዋጡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን መብት ያስጠብቃል፤ ስለዚህ ቅጂው ምን እንደሚደረግበት አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ፈቃዱንም በድምፅ ቅዱ። የቀዳችሁትን ለባለቤቱ መልሳችሁ በሜሞሪ ወይም በፍላሽ ስጡት። ልጁና የልጅ ልጁ ቤታቸው ውስጥ ይስሙት።

ቅጂው ሲጀምር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የባለሙያውን ስም፣ የጠያቂውን ስም ተናገሩ። ስም የሌለው ቅጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማንንም አይጠቅምም። አንዱን ቅጂ ራሳችሁ ዘንድ፣ አንዱን በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ወይም ባህል ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ዩኒቨርሲቲ አስቀምጡ። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ ብቻ የተቀመጠ ነገር ተቀመጠ አይባልም።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለውን ሀብት እወቁት። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአብዮቱ በኋላ የወጡ ሙዚቀኞች መኖሪያ ሆናለች። በየምግብ ቤቱ መድረክ ላይ ያያችኋቸው አዛውንት የክብር ዘበኛውን፣ የፖሊሱን፣ የቴአትር ቤቱን ኦርኬስትራ ከውስጥ የሚያውቁ ናቸው። እስራኤል ያላችሁ የቤተ እስራኤል ልጆች፣ በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ቄሶቻችሁ በግዕዝ የሚያደርሱት ጸሎት ዜማው በቃል የተያዘ ነው። ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ አድገዋል፤ በመካከል ሆናችሁ ሁለቱንም የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ሌላ አስተርጓሚ ትውልድ አይመጣም።

ዩኒቨርሲቲዎች፣ እናንተንም በስም ልጥራ፦ ጎንደር፣ ወሎ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ አርባ ምንጭ፣ አሶሳ፣ ጅንካ። የቋንቋ፣ የታሪክና የሙዚቃ ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው እያንዳንዳቸው አንድ ባለሙያ ያነጋግሩ። ኤፍኤም ጣቢያዎች፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ለአካባቢያችሁ ባለሙያ ስጡ፤ የተቀዳውንም አትሰርዙ። የባህል ቢሮዎች፣ የተሰበሰበው የሚቀመጥበትን መደርደሪያና ኮምፒውተር አዘጋጁ፤ ማንም መጥቶ እንዲሰማው ክፍት አድርጉት።

እስከዚያው ግን ደብዳቤና በጀት አትጠብቁ። ሁለት ሆናችሁ፣ አንዳችሁ እየጠየቃችሁ አንዳችሁ እየቀዳችሁ፣ በመጪው ቅዳሜ በቅርብ ካለው ባለሙያ ቤት ጀምሩ።