ጉሙን የገፈፉ ከዋክብት

ወላጆች ሆይ፤ በክረምት ማለዳ ጉም አገሩን ሲሸፍነው የጎረቤት መብራት እንኳ አይታይም። ዓለመ ጠፈርም በለጋነቱ እንዲህ ነበረ። ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ ኅዋውን ሞልቶ የከዋክብትን ኃይለኛ ጨረር እየዋጠ ያስቀር ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ከዋክብትና ጋላክሲዎች በበዙ ጊዜ ጨረራቸው ኤሌክትሮኑን ከሃይድሮጅን አቶም እየነጠለ በየዙሪያቸው የጠራ ስፍራ ከፈተ፤ ስፍራውም እየሰፋ እርስ በርሱ ተገናኝቶ፣ ዓለሙ አንድ ቢሊዮን ዓመት ያህል ሲሞላው ጉሙ ተገፈፈ።

«ይህን ማን አየው?» ብሎ ልጅ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። ሊቃውንት ነገሩን በኮምፒውተር ስሌት ያስመስሉታል። ለምሳሌ በጥንት ኤትሩስካውያን የንጋት ሴት አምላክ ስም «ቴሳን» የተባለው ስሌት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሞ ወጣ። በጀርመን አገር በጋርሺንግ በሚገኝ ታላቅ ኮምፒውተር የስበትን፣ የጋዝንና የብርሃንን ሕግ በአንድነት አስልቶ፣ ጎኑ 300 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሆነ ጠፈር ውስጥ ጉሙ እንዴት እንደሚገፈፍ አሳየ።

ሆኖም የተሰላ ሁሉ የታየ አይደለም። ስሌቱ የሚመዘነው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ጠፈር የተላከው የጄምስ ዌብ መነጽር ከሚያሳየው ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ባይስማሙ የሚታረመው ስሌቱ ነው እንጂ ሰማዩ አይደለም። ስለዚህ «ማን አየው?» የሚለውን ልጅ አትቆጡት፤ የሊቃውንቱም ጥያቄ ይኸው ነውና።