የከተማ መንገድ የማን ነው?

አንድ ከተማ ወዴት እንደሚያመራ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ሕንፃዎቹን ከመቁጠሩ በፊት መንገዶቹን መመርመር ይገባዋል። ሕንፃ የባለቤቱን አቅም ያሳያል፤ መንገድ ግን ኅብረተሰቡ እርስ በርሱ ያለውን ግንኙነት ይገልጣል። ማን በመካከል እንደሚሄድ፣ ማን ወደ ቦይ ዳር እንደሚገፋ፣ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅና ማን ሳይቆም እንደሚያልፍ በየዕለቱ የሚታየው በመንገድ ላይ ነው። በመሆኑም የከተማ መጓጓዣ ጉዳይ ለመሐንዲሱና ለሾፌሩ ብቻ የሚተው የሙያ ጉዳይ ሳይሆን፣ የቀበሌ ነዋሪውና ሠራተኛው በቀጥታ ሊመክሩበት የሚገባ የሕዝብ ጥያቄ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ስለ ከተማ ልማት በሚደረገው ውይይት ሁሉ «ፈጠራ» የሚለው ቃል ተደጋግሞ ይነሣል። ቃሉ በጎ ነው። ይሁን እንጂ ይዘቱ ካልተተነተነ ለማንኛውም ፍላጎት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። በእኛ አመለካከት ለሕዝብ የሚበጅ ፈጠራ ማለት አዲስ መሣሪያ ማምጣት ብቻ አይደለም፤ ባለው ሀብት የብዙኃኑን ኑሮ የሚያቃልል አዲስ ሥርዓት ማበጀት ጭምር ነው። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ሥርዓት በሕዝብ ውሳኔ ይመሠረታል። ይህን ነጥብ በተጨባጭ ለማሳየት በሰሜን ሸዋ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አረርቲን እንወስዳለን፤ ምክንያቱም በትልልቆቹ ከተሞች ዘግይቶ የተነሣው ጥያቄ በአረርቲ ገና በጊዜው ሊመለስ ይችላል።

እንደሚታወቀው አረርቲ የእህል ከተማ ናት። አገር የሚያውቀው የምንጃር ነጭ ጤፍ፣ ሽምብራውና ምስሩ የሚሰበሰበው በዙሪያዋ ነው። በአቀማመጧ ከዞኑ ዋና ከተማ ከደብረ ብርሃን ይልቅ ለሞጆ ትቀርባለች፤ ንግዷም በአብዛኛው ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን መንገድ የተከተለ ነው። አዝመራ ተሰብስቦ አውድማው ሲጸዳ፣ ጭነት የተሸከመ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ እንዲሁም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚጓዘውን ምእመን የጫነ አውቶቡስ አንዱን መንገድ ይጋፉበታል። በዚህ ላይ በቻይናው ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ የለማውና በግንባታ ዕቃዎች ምርት ላይ ያተኮረው የአረርቲ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲጨመር፣ የከተማዋ እንቅስቃሴ ጠባዩ ይለወጣል። የሴራሚክ እቶን እንደ ሱቅ ማታ ተዘግቶ ጠዋት የሚከፈት አይደለም፤ ሌሊትና ቀን ይነዳል፤ ሠራተኛውም በፈረቃ ይገባል፣ በፈረቃ ይወጣል። በገበያ ቀንና በበዓል ሲመራ የኖረ መንገድ የፋብሪካን ሰዓት መከተል ግድ ይሆንበታል።

ከዚህ የሚመነጨው ቅራኔ ግልጽ ነው። በአገራችን ታዳጊ ከተሞች ሁሉ እንደምናየው፣ ከተማው የሚያድገው በእግሩ በሚሄደው ሕዝብ ጉልበት ሲሆን መንገዱ የሚሠራው በሞተር ለሚያልፈው ነው። አስፋልቱ መካከሉን ይይዛል፤ በግራና በቀኝ የቀረው አቧራና ቦይ ለእግረኛው ይተዋል። ዕቃው በከባድ መኪና ተጭኖ በሰላም ይደርሳል፤ ያንኑ ዕቃ ያመረተው ሠራተኛ ግን ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ከኋላው የሚመጣውን መብራት እየሸሸ በጨለማ ዳር ዳሩን ይሄዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከዚህም 92 ከመቶው የሚሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከልም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እንግዲህ በመንገድ ላይ ያለው አድልዎ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህን ችግር በሚመለከት ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይንጸባረቃሉ። የመጀመሪያው «ችግሩ የሚፈታው ዘመናዊ መሣሪያ ሲመጣ ነው» የሚል ነው። የዚህን አመለካከት ውስንነት ለመረዳት የዋና ከተማችንን ተሞክሮ መመልከት ይበቃል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት የነበረው ሲሆን፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ከዚህም 85 ከመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነበር። ባቡሩ እጅግ ብዙ ሠራተኛና ተማሪ በርካሽ ዋጋ ማጓጓዙ የሚካድ አይደለም። ሆኖም ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረትና በጥገና ጉድለት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥራ ውጭ እስከመሆን ደርሰው ነበር። ሐዲዱ በአጥር በተከለለባቸው ቦታዎችም ማዶ ለማዶ ይተያይ የነበረ ጎረቤት ለመሻገር ሩቅ መዞር ግድ ሆኖበታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ባቡር አይጠቅምም የሚል አይደለም። መሣሪያው ሲመጣ ጠጋኙ፣ መለዋወጫው፣ የውጭ ምንዛሪውና የእግረኛው መሻገሪያ አብረው ካልታሰቡ፣ ዘመናዊው መሣሪያ ራሱ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል የሚል ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችም የምንለው ከዚህ አይለይም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ተገልጿል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር፣ በገዛ ወንዟ ኃይል መንቀሳቀስ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ባያወጣም ቦታ መያዙን አይተውም፤ እግረኛን ከመግጨትም አይመለስም። ሞተሩ ተለውጦ የመንገዱ ሥርዓት ካልተለወጠ፣ ለእግረኛው የተለወጠለት የሚሸሸው መኪና ድምፅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የተሳሳተ አመለካከት «አረርቲ ትንሽ ከተማ ናት፤ ይህ ሁሉ ገና ነው» የሚለው ነው። እኛ ግን ለዚህ ሥራ አመቺው ጊዜ ከተማ ትንሽ ሳለች ነው እንላለን። ምክንያቱን ለመረዳት የመሬትን ጥያቄ ማንሣት ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም በየቀበሌያቸው ሥራ እንዲሠሩ አቋቁሟል። አዋጁን ያወጣው መንግሥት አልፏል፤ ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በሌሎች አገሮች አንድ መንገድ ለማስፋት ከግል ባለመሬቶች ጋር ለዓመታት መካሰስ ሊያስፈልግ ይችላል። በእኛ አገር ግን አንድ ማዘጋጃ ቤት ለነገው መንገድ ቦታ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ቀያሽ፣ ገመድና ችካል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይናወጥ ውሳኔ ነው።

ይህ ዕድል የሚቆየው ግን አጥር እስኪቆም ድረስ ብቻ ነው። አጥር ከቆመ በኋላ መንገድ የሚሰፋው ቤት በማፍረስ ነው። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ለዚያ ሲባል ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ነዋሪዎችም ከኖሩበት ሰፈር ተነሥተዋል። ከዕድሩ፣ ከሥራ ቦታውና ከልጆቹ ትምህርት ቤት የራቀው ነዋሪ የሰፋውን መንገድ ዋጋ ከኑሮው ከፍሏል። አረርቲ ያንኑ ሰፊ መንገድ ያለዚያ ከባድ ዋጋ ልታገኘው ትችላለች፤ ይህ የሚሆነው ግን ዛሬ ችካሉን ከተከለች ነው። ለአንድ ባለሀብት ወይም ለአንድ ባለሥልጣን ዘመድ ሲባል ዛሬ ከመንገዱ ላይ የምትቆረስ ሁለት ሜትር፣ ነገ የብዙ ቤተሰቦችን ጎጆ የምታስፈርስ ልትሆን እንደምትችል የቀበሌው ነዋሪ ሊያውቅ ይገባዋል።

ሥርዓት ከመሣሪያ እንደሚቀድም የሚመሰክሩ ተሞክሮዎች ጥቂት አይደሉም። በአማራ ክልል ዋና ከተማ በባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓመታት የጀርመን ባለሙያዎች ባዘጋጁት ማስተር ፕላን መነሻነት ዘንባባ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች በጊዜው ስለተያዙ፣ ከተማዋ ብስክሌት እንደ ልብ የሚነዳባት ሆና ኖራለች። በብራዚል የምትገኘው ኩሪቲባ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ከመቆፈር ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር ከፍታ፣ ትልልቅ ሕንፃዎችም በዚያው መስመር ዳር እንዲሠሩ በመወሰኗ ለዓለም ምሳሌ ለመሆን በቅታለች። በተቃራኒው የሶቭየት ኅብረት ሲፈርስ ነዳጅ ያጠራት ኩባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌቶችን ከቻይና አስመጥታ ሠራተኛዋን ወደ ሥራው አደረሰች፤ የነዳጁ ችግር ሲቃለል ግን ብዙው ሰው ብስክሌቱን ተወ። ችግር የወለደው ፈጠራ በሥርዓት ካልጸና፣ ከችግሩ ጋር አብሮ ያልፋል።

በእኛም አገር ችግር የወለደው ፈጠራ በዓይናችን ፊት አለ፤ እርሱም ባጃጅ ነው። ባለ ሦስት እግሩን ተሽከርካሪ በየትንንሹ ከተማ ያስፋፋው የሕዝቡ ፍላጎትና የወጣቱ ሥራ ፍለጋ ነው። ጋሪ የማይደርስበትን ሰፈር ደርሷል፤ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ አድርሷል፤ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን መቆሚያውና ታሪፉ በአግባቡ ካልተደነገገ፣ ተሳፋሪውና አሽከርካሪው በየማለዳው ይጨቃጨቃሉ፤ ሲመሽ ዋጋው ይንራል፤ ማቆሚያ ያጣውም የእግረኛውን ዳር ይይዛል። መፍትሔው ወጣቱን ማሳደድ ሳይሆን ከማኅበሩ ጋር ተቀምጦ ደንብ ማውጣት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የከተማዋ ፕላን በማዘጋጃ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ሰነድ መሆኑ ቀርቶ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል መልክ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የትኛው መንገድ ስንት ሜትር እንደሆነ ነዋሪው ይወቅ፤ ሲጣስም ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከመኖሪያ ሰፈር ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ የሚወስዱ መንገዶች ከአስፋልት አስቀድሞ የእግረኛ መሄጃ፣ የዛፍ ጥላና መብራት ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው በማኅበሩ አማካይነት ከአሠሪው ጋር ሲደራደር የደመወዝን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስንም ያንሣ፤ ሠራተኛ በሰላም ቤቱ መግባቱ የሥራው አካል ነውና። አራተኛ፣ ጤፍ የጫነው አህያና ጋሪ የኋላ ቀርነት ምልክት ተብለው ከከተማ እንዲባረሩ አይገባም፤ ማራገፊያና ውኃ ያለው ቦታ ይሰጣቸው። ከተማውን የሚቀልበው ገበሬ በከተማው ውስጥ የሚቆምበት ስፍራ ሊያጣ አይገባም።

ይህ ሲባል መኪናን እንጠላለን ማለት አይደለም። እህሉ ወደ ገበያ፣ ሸክላው ወደ ግንባታ፣ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው በመኪና ነው። የምንቃወመው ጥቂቶች የሚጓዙበት መሣሪያ የብዙኃኑን መሄጃ እንዲወስድ መፍቀድን ነው። «ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ለሚለውም መልሳችን ቀላል ነው፤ መብራትና ንጣፍ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ቦታ መጠበቅ፣ ፕላን መለጠፍና የባጃጅ ደንብ ማውጣት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ቆራጥነት ይጠይቃሉ። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 ድረስ የሚሠራበት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ እግረኛውና ብስክሌተኛው ቅድሚያ ሊሰጣቸው እንደሚገባም በዚሁ ሰነድ ታምኖበታል። የቀረው በወረቀት ላይ ያለውን ወደ መሬት ማውረድ ነው።

ስለሆነም የአረርቲ ነዋሪዎችና ሠራተኞች፣ በተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉ የሌሎች ታዳጊ ከተሞች ነዋሪዎችም፣ በቀበሌያቸው ስብሰባ ላይ ይህን አጀንዳ ከሁሉ አስቀድመው ሊይዙት ይገባል። የከተማ መንገድ የሚሄድበት ሕዝብ ነው። ባለቤትነቱ የሚረጋገጠው ግን አጥሩ ከመቆሙ በፊት ተሰብስቦ ሲወስን፣ ከወሰነም በኋላ ችካሉ እንዳይነቀል ነቅቶ ሲጠብቅ ነው።