ሕፃን ዝም ሲል ሁሉ ደኅና ነውን?

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም» ይባላል። አነጋገሩ እውነት አለው፤ ለጨቅላ ሕፃን ልቅሶ ብቸኛ አንደበቱ ነውና። ሲርበው፣ ሲበርደው፣ ጨርቁ ሲረጥብ፣ እንቅልፉም ሲመጣ ያለቅሳል። የጤነኛ ሕፃን ልቅሶ ከተወለደ ከ2 ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየበረታ ይሄድና በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ከሁሉ የበዛ ይሆናል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላው ግን ይቀንሳል። ሲታቀፍ ጸጥ የሚል፣ ጡቱን በደንብ የሚስብ፣ ሰውነቱም የሚፋፋ ከሆነ፣ ወላጆቹ ሊደነግጡ አይገባም።

በእኛ አስተያየት ግን በብዙ ቤት አንድ ስሕተት ይፈጸማል። ሕፃኑ ሲጮኽ የተጨነቀው ቤተ ሰብ፣ ድምፁ ሰልሎ ዝም ሲል «ተመስገን፣ ተኛ» ብሎ ይሸፍነዋል። ከሚጮኸው ይልቅ የሚያሰጋው ግን ለመጮኽ እንኳ ኀይል ያጣው ነው።

ስለዚህ ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ቢታይበት፣ «ይንጋ» ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ጡት መጥባት ሲያቅተው፤ ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ሲሆን፤ ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ፤ ጸጥ ብሎ ሳለ በ1 ደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሲተነፍስ፤ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ በጣም ሲሰረጉድ፤ የብብቱ ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ ወይም ከ35.5 በታች ሲወርድ፤ እርግብግቢቱ ሲያብጥ፤ አረንጓዴ ነገር ሲያስታውክ፤ መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ሲሆን። ልቅሶው እንደ ወትሮው ሳይሆን ቀጭንና ስለታም ሲሆን፣ በምንም ሲያባብሉት አልመለስ ሲልም እንዲሁ ነው። በመንገድም ሳለ ሙቀት እንዳይለየው ከእናቱ ገላ ጋራ ታቅፎ ይሸፈን፤ መጥባት ከቻለም ይጥባ።

የአያቶቻችንን ምክር የምንነቅፍ አይደለንም። ማቀፍ፣ ማዘል፣ እሹሩሩ ማለት መልካም ጥበባቸው ነው። ነገር ግን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ቅቤ ማዋጥ፣ ደም መፍሰስንና መመርቀዝን፣ ትንታንም ያመጣል፤ የሚታከምበትንም ሰዓት ያባክናል። ልቅሶው ያሰለቸው ሰው ደግሞ ሕፃኑን ከቶ አይነቅንቀው፤ አንጎሉን ይጎዳልና። ይልቁንስ በደኅና ቦታ አስተኝቶት ጥቂት ይራቅ፣ ወይም ሌላ ሰው ይተካው።

«ምንም የለበትም» ተብላ ከጤና ጣቢያ የተመለሰች እናት በከንቱ አልደከመችም። ጎረቤት አይሳቅባት፤ የጤና ሠራተኛም አይቆጣት። ዛሬ ያፈረች እናት ነገ በእውነተኛው ሕመም ጊዜ ትዘገያለችና።

መምህራን ሆይ! ከተማሪዎቻችሁ ብዙዎቹ ታናናሾቻቸውን የሚያዝሉ ናቸው። ሰዓት ይዘው የሕፃን ትንፋሽ 1 ደቂቃ ሙሉ መቁጠርን አስተምሯቸው። ይህ ትምህርት የአንድ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ነው፤ ጥቅሙ ግን የአንድ ነፍስ ሊሆን ይችላል።