አሮጌውን ዲስክ ለማሰናበት አንቸኩል



በከተማችን በድሬዳዋ ኮምፒዩተር በቢሮ ብቻ የሚታይ ዕቃ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የመድረሳው የተማሪዎች መዝገብ፣ የቀፊራው ነጋዴ የዱቤ ሂሳብ፣ የልጆች የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ወደ አኼራ የሄዱ አባት ድምፅ ሳይቀር ሀርድ ዲስክ በሚባለው የመዳፍ ያህል ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ይህ ዕቃ ደግሞ ዕድሜ አለው። በውስጡ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ስላለ ሙቀት፣ አቧራና ድንገተኛ የመብራት መጥፋት ያደክሙታል። ሦስቱም ለድሬ ሰው እንግዳ አይደሉም።

ስለሆነም ብዙዎች አሮጌውን ዲስክ አውጥተው ተሽከርካሪ አካል በሌለውና ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው ይተኩታል። ማሽኑም በእጅጉ ይፈጥናል። ዕቃውን መለወጥ ቀላል ነው፤ በውስጡ ያለውን አማና ማሻገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ፋይሎችን ገልብጦ በመለጠፍ ብቻ ዊንዶውስን ወደ አዲስ ዲስክ ማዛወር እንደማይቻል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አስቀድሞ የሚፈልገው የማስነሻ ክፍል ለተጠቃሚ የማይታይ ስውር ክፍል ነውና ተለጥፎ አይሄድም። ለዚህ ሥራ እንደ ክሎንዚላ ያለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ዲስኩን ከነማስነሻው እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለብጣል።

ከዚያ በፊት ግን ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ምትክ የማይገኝላቸው ሰነዶችና ፎቶዎች ቀድመው ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጡ፤ በተለይ አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ይህ ነገ የሚባል ሥራ አይደለም። ሁለተኛ፣ የአዲሱ ዲስክ መጠን ይታይ። አሮጌው 500 ጊጋባይት ሆኖ አዲሱ 240 ከሆነ ክሎንዚላ እንዲሁ አይቀበለውም፤ የአሮጌውን ክፍሎች ቀድሞ ማጥበብ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለቤቱ ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ በወረቀት ይያዝ። አራተኛ፣ ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ደግሞ ዩ ፒ ኤስ ላይ ተሰክቶ ይጀመር። አምስተኛውና ከሁሉ የሚያሰጋው፣ የትኛው ዲስክ ምንጭ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ነው። ቦታቸው ከተለዋወጠ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለበጥና የዓመታት መዝገብ ይጠፋል።

እንግዲህ ቅጂው ተጠናቀቀ እንበል። ብዙ ወጣት ባለሙያ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ዲስክ ዊንዶውስን ካስነሣለት አሮጌውን ወዲያው አጥፍቶ ለሌላ ሥራ ያውለዋል።

ከቀደምቶቻችን ታሪክ አንድ ነገር እናስታውስ። ከየማማ ጦርነት በኋላ ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) የሰበሰቡት የቁርኣን ጽሑፍ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዚያም ወደ ሐፍሷ (ረ.ዐ) ዘንድ አልፎ ነበር። ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) ሙስሐፎችን ሲያስገለብጡ ያንን ጽሑፍ ተውሰው አስመጡ፤ ግልበጣው ሲያልቅ ዋናውን ለሐፍሷ መለሱላቸው። ቅጂው ስላለ ብለው ዋናውን በእጃቸው አላስቀሩም። የሐዲስ ሊቃውንትም ሙቃበላ የሚሉት ልማድ ነበራቸው፤ ይኸውም አንድን ቅጂ ከዋናው ጋር ሳያስተያዩ አለማመን ነው።

የእኛ ሥራ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ይጠቅመናል። አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ኮምፒዩተሩ በአዲሱ ብቻ ይነሣ። ከየፎልደሩ ፋይል ይከፈት፤ ብዛቱና መጠኑ ከአሮጌው ጋር ይተያይ። ከዚያም በኋላ አሮጌው ጥቂት ሳምንታት ይቆይ። ቅጂው እንደ ዋናው ስለሆነ ቫይረስ ከነበረም አብሮ መሻገሩን አንርሳ። ዊንዶውስ 10ም አዲስ ዲስክ ላይ ስለገባ አይታደስም፤ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል።

የመጨረሻው ነጥብ የአሮጌው ዲስክ ዕጣ ነው። በውስጡ የእናቶችና የእህቶች ያለ ሒጃብ የተነሡት ፎቶ፣ የነጋዴው የዕዳ ደብተር፣ የባልና ሚስት መልእክት ሊኖር ይችላል። ዴሊት ማለትም ሆነ ፈጣን ፎርማት ማድረግ ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያጠፋም፤ በቀላል ፕሮግራም ይመለሳል። በተሽከርካሪው ዲስክ ላይ ፈጣን የሚለውን ምልክት አንሥቶ ሙሉ ፎርማት ማድረግ ግን በላዩ ይጽፍበታል። ጠጋኙም ቢሆን የሰው ማሽን በእጁ ገባ ማለት የሰው ቤት ተከፈተለት ማለት ነው፤ ያለ ፈቃድ ማየትም ለራስ ቅጂ ማስቀረትም አይገባውም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ አዞናል፤ ዲስክም ከዚህ አይወጣም።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደበትን ሌሊት የሚያስታውስ የድሬ ሰው፣ ሁሉን ነገር አንድ ቤት ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ዋና ዋናው ሰነድ በሌላ ሰፈር ባለ ዘመድ ቤትም አንድ ቅጂ ይኑረው። ግመሉን ያሰረ ሰው ነውና በአላህ ላይ በትክክል የሚመካው።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።